የአሳሽ እገዳ

ክሮም፣ ፋየርፎክስ፣ ሳፋሪ፣ ኦፔራ ሚኒ፦ ድረ ገጽ የምንከፍትባቸው እነዚህ ሶፍትዌሮች በሰዉ አፍ «ብሮውዘር» ናቸው። የስልኩን ቋንቋ ወደ አማርኛ የቀየረ ሰው ደግሞ «አሳሽ» ተብለው ያገኛቸዋል። መንግሥት አንድን ድረ ገጽ ለመዝጋት ይህንኑ ሶፍትዌር «አትክፈት» ብሎ በሕግ ሲያስገድደው፣ ያ የአሳሽ እገዳ ነው።

እኛ አገር የለመድነው ሌላውን ዓይነት ነው። ከግንቦት 1998 ዓ.ም. ጀምሮ መንግሥትን የሚተቹ ብሎጎችና የዜና ድረ ገጾች ከአገር ውስጥ አልከፈት አሉ። የኢንተርኔቱን በር የያዘው አንድ የመንግሥት ድርጅት ብቻ ስለነበር፣ እዚያ የተዘጋው ለሁሉም ተዘጋ። በግንቦት 2004 እገዳን ለማለፍ የሚያገለግለው ቶር ራሱ ተለይቶ ታገደ። ከ200 በላይ ድረ ገጾች፣ የኢሳትና የኦኤምኤን ቴሌቪዥኖችን ጨምሮ፣ የተከፈቱት በሰኔ 2010 ነው። በየካቲት 2015 ፌስቡክ፣ ቴሌግራምና ቲክቶክ ሲታገዱ ግን ሰዉ መላውን ያውቀው ነበር። ሳይፎን ወይም ሌላ ቪፒኤን ያለው ካንዱ ስልክ ወደ ሌላው በዜንደር ይልካል፤ የተቀበለውም ከፍቶ ይገባል።

ይህ መላ የሠራው እገዳው መንገድ ላይ ስለነበር ነው። ከእንጅባራ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አስፋልት ዳንግላ ላይ ኬላ ቢዘጋ፣ ሾፌሩ ዞሮ የሚያልፍበት መንገድ ይፈልጋል፤ ቪፒኤን ያ መንገድ ነው። በአሳሽ እገዳ ግን መኪናው ራሱ ገና ከእንጅባራ መናኸሪያ አልነሳም ይላል። አሳሹ የሚከፍተውን አድራሻ ያውቀዋልና በየት በኩል ቢዞር ለውጥ የለውም።

ነገሩ በሰፊው መነጋገሪያ የሆነው በፈረንሳይ ነው። በግንቦት 2015 የፈረንሳይ መንግሥት የኢንተርኔት ማጭበርበርን ለመከላከል ባቀረበው ረቂቅ ሕግ አንቀጽ 6፣ ባለሥልጣናት የሚያወጡትን የድረ ገጽ ዝርዝር አሳሾች ተቀብለው እንዲያግዱ ጠየቀ። የፋየርፎክስ ባለቤት ሞዚላ በሰኔ ወር በይፋ ተቃወመ። ማጭበርበርን የሚደግፍ ማንም የለም፤ በሐሰተኛ የባንክ ገጽ ገንዘቡን የተበላ ሰው እዚህም አለ። ለዚያ ግን አሳሾች ዛሬም መከላከያ አላቸው። አጠራጣሪ ገጽ ሲገጥማቸው ቀይ ማስጠንቀቂያ ያወጣሉ፤ «ዝርዝር» የሚለውን ነክቶ በራሱ ኃላፊነት መቀጠል የሚሻ ይቀጥላል። ረቂቁ ይህችን የመጨረሻ ምርጫ ከተጠቃሚው ወስዶ ለመንግሥት የሚሰጥ ነበር።

እኔን የሚያሳስበኝ ከዚያ የሚከተለው ነው። በፓሪስ ያለው ክሮምና በእንጅባራ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ስልክ ላይ ያለው ክሮም አንድ ሶፍትዌር ነው። ዝርዝር ተቀብሎ የማገድ ችሎታ ለአንድ መንግሥት ተብሎ አንዴ ከተሠራ፣ ሌላውም መንግሥት የራሱን ዝርዝር ይዞ ይመጣል፤ ኩባንያውም «አይቻልም» የሚልበት ምክንያት ያጣል። በፈረንሳይ ዝርዝሩን ለፍርድ ቤት አቅርቦ መሟገት ይቻል ይሆናል። ለዓመታት የትኛው ገጽ ለምን እንደተዘጋ የሚነግረው ያልነበረ የእኛ አገር አንባቢ ግን ለማን አቤት ይላል?

የአሳሽ እገዳ ከኢንተርኔት መቋረጥ ጋርም መምታታት የለበትም። ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ የሚታገድም የሚከፈትም ገጽ አልነበረም፤ ዳታው ራሱ ጠፋ፤ ቪፒኤንም ዋጋ አልነበረውም። መቋረጥ ሁሉም ሰው ወዲያው የሚያውቀው፣ ንግዱንም ትምህርቱንም አብሮ የሚጎዳ ነገር ነው። የአሳሽ እገዳ አንድ ገጽ ብቻ ነጥሎ ያስቀራል፤ ሌላው ሁሉ እየሠራ ስለሆነም ብዙው ሰው ሳያውቀው ሊቀር ይችላል።

አሳሽ ለተጠቃሚው ሲቆም ደግሞ በካዛኪስታን ታይቷል። በሐምሌ 2011 የዋና ከተማዋ ነዋሪዎች ከመንግሥት የወጣ ሰርተፍኬት ስልካቸውና ኮምፒውተራቸው ላይ እንዲጭኑ ተነገራቸው። ሰርተፍኬቱ ከተጫነ፣ በአድራሻው ጎን የቁልፍ ምልክት ያለበትን ግንኙነት እንኳ መሐል ላይ ከፍቶ ማንበብ ይቻላል። በነሐሴ ወር ጉግል፣ ሞዚላና አፕል አሳሾቻቸው ያንን ሰርተፍኬት እንዳይቀበሉ አደረጉ። በ2013 መንግሥቱ በሌላ ሰርተፍኬት ሲመለስም፣ በታኅሣሥ ወር እንደገና ውድቅ ተደረገበት።