በአነስተኛ መንጋ የኮርማ አያያዝ

ኮርማ ያልተኮላሸና ለርቢ የደረሰ ወንድ የቀንድ ከብት ነው። ገና ያልደረሰው ወይፈን፣ ተኮላሽቶ የሚደልበው ሰንጋ ይባላል።

በቢሾፍቱ (ደብረ ዘይት) ከተማና በአድአ ዙሪያ ጥቂት ድቅል የሆልስቲን ፍሪዥያን ላሞችን በግቢያቸው ይዘው ወተት የሚሸጡ ቤተሰቦች አሉ። ለእነርሱ ኮርማ መያዝ ቀላል ውሳኔ አይደለም። አንድ የደረሰ ኮርማ በአንድ የርቢ ወቅት ከ25 እስከ 30 ላሞችን ማጥቃት ይችላል፤ ለአራት ላሞች ሲባል ግን ዓመቱን ሙሉ ጭድና ፉርሽካ ይበላል።

አማራጩ ሰው ሠራሽ ማዳቀል ነው። ብሔራዊው የማዳቀያ ማዕከል በአዲስ አበባ ቃሊቲ ተቋቁሟል። የኮርማው አባለ ዘር በፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀመጣል። ችግሩ ጊዜው ነው፦ ላም በአማካይ በየ21 ቀኑ ኮርማ ትፈልጋለች፣ ምልክቱም ከአንድ ቀን ያነሰ ይቆያል። ጠዋት የታየች ላም ማታ፣ ማታ የታየች በማግስቱ ጠዋት ትዳቀላለች። በእሑድና በበዓል አዳቃይ ባለሙያ ካልተገኘ ሦስት ሳምንት ይባክናል። ኮርማ ይህን በማሽተት ብቻ ያውቃል፤ ብዙዎች እስካሁን የጎረቤት ኮርማ የሚለምኑትም ለዚህ ነው።

የጋራ ኮርማ ግን በሽታ ያዛምታል። ትሪኮሞኒያሲስና ካምፒሎባክተር በስሪያ ይተላለፋሉ፤ ኮርማው ራሱ ምንም ሳይታይበት ላሞቹ ደጋግመው ኮርማ ይፈልጋሉ ወይም ያስወርዳሉ። የውርጃ በሽታ (ብሩሴሎሲስ) በአብዛኛው የሚዛመተው በጨነገፈ ጽንስና በፈሳሹ ሲሆን፣ ባልፈላ ወተት ወደ ሰውም ይሻገራል። ስለዚህ እንግዳ ኮርማ ወደ መንጋው ከመግባቱ በፊት ደሙ ይመረመራል። በከተማው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምናና ግብርና ኮሌጅ ይገኛል።

ሌላው አደጋ የዘመድ ርቢ ነው። የኮርማው ሴት ጥጆች በሁለት ዓመት ገደማ ለጥቂ ስለሚደርሱ ከዚያ በፊት ኮርማው ይሸጣል ወይም ይለወጣል። ከምርጥ ላም የተወለደውን ወይፈን ለዚያው መንጋ ማስቀረት የተለመደ ስሕተት ነው፤ እናቱንና እኅቶቹን ያጠቃልና። ትልቅ ገላ ያለው ኮርማ ትንሽ ጊደር ላይ ከወጣም ምጡ ይከብዳል።

ከመኖ በኩል የጥጥ ፍሬ ፋጉሎ ጎሲፖል የተባለ ንጥረ ነገር ስላለው፣ በብዛት ከተሰጠ የወይፈንን ዘር ይጎዳል። የኑግ ፋጉሎ ይህ ችግር የለበትም።

የወተት ዝርያ ኮርማዎች ከሥጋ ዝርያዎቹ ይልቅ ተናካሽ ይሆናሉ። በተለይ ለብቻው በሰው እጅ ወተት እየጠጣ ያደገ ወይፈን ሰውን እንደ ተፎካካሪው ሊቆጥር ይችላል፤ ሕፃናት በግንባሩ እየገፉ እንዲጫወቱበት መፍቀድም ይህንኑ ያባብሳል። ጎኑን አዙሮ ማሳየት፣ ራስን ዝቅ ማድረግና መሬት መጫር የጥቃት ማስጠንቀቂያ ናቸው። የአፍንጫ ቀለበት በአንድ ዓመት ዕድሜው ገደማ ይገባለታል፤ ሲታሰር ግን ቀለበቱ ላይ ብቻ ሳይሆን በአንገቱ ገመድም ነው። ለዓመታት ገር የነበረ ኮርማም ሳይታሰብ ሰው ስለሚወጋ፣ ወደ በረቱ የሚገባ ሰው ጀርባውን አይሰጠውም፤ የሚያመልጥበት በር ክፍት መሆኑንም አስቀድሞ ያያል።