በአፍ መታቀፍ

በናይል ተፋሰስ የምትገኝ፣ ወንዱ እንኳ ወደ 8 ሳንቲ ሜትር ብቻ የሚደርስ ሲክሊድ ከሚባሉት ዓሦች ወገን የሆነች ድንክ ዓሣ አለች። ሳይንሳዊ ስሟ ሲዩዶክሬኒላብረስ መልቲከለር ነው። ቤት ውስጥ በመስታወት ገንዳ ትረባለች። ወንዱ አሸዋው ላይ በማሰው ጉድጓድ እንቁላሏን ትጥልና ለቅማ ወደ አፏ ታስገባለች። እዚያው ይፈለፈላሉ፣ እዚያው ያድጋሉ፤ ከ10 እስከ 14 ቀን ድረስ። ይህን አረባብ እንግሊዝኛው «ማውዝብሩዲንግ» ይለዋል። እኔ በአማርኛ «በአፍ መታቀፍ» እንበለው እላለሁ።

«በአፍ መፈልፈል» ማለትም ይቻል ነበር፤ ግን መፈልፈል መንገዱ መሃል ላይ ያበቃል። ዓሣዋ ከተፈለፈሉ በኋላም፣ ሆዳቸው ላይ ያለው አስኳል አልቆ መዋኘት እስኪችሉ ድረስ ጫጩቶቿን አትለቅም። ዶሮዋ እንቁላል ታቀፈች እንላለን፤ እናት ልጇን ታቅፋ መጣች እንላለን። ለእንቁላሉም ለልጁም የሚሆን አንድ ግስ በእጃችን አለ።

ገንዳው ፊት ቁጭ ብሎ ለሚያያት የምታላምጥ ትመስላለች። አገጯ ወደ ታች ተነፍቷል፣ አፏ በዝግታ ከፈት ገጠም ይላል። እንቁላሎቹን እያገላበጠች ነው፤ ዶሮም በመንቁሯ እንዲሁ ታገላብጣለች። ዶሮ ግን ለአፍታ ተነስታ ጥሬ ለቅማ፣ ውሃ ተጎንጭታ ትመለሳለች። የዚህችኛዋ የምግብ በር በልጆቿ ተይዟል። ሆዷ እየገባ፣ ጭንቅላቷ ከገላዋ እየገዘፈ ይሄዳል። አንጀት ትበላለች። በዚህ ጊዜ የሚያሳድዳትን ወንድ ከገንዳው ማውጣት ያስፈልጋል፤ ከተጨነቀች እንቁላሉን ልትተፋው ወይም ልትውጠው ትችላለችና። ጫጩቶቹ ከወጡ በኋላም የሚያስደነግጥ ነገር ሲመጣ ተግተልትለው አፏ ውስጥ ይመለሳሉ።

ቃሉ ለሁሉም ድንክ ሲክሊድ አይሠራም። የደቡብ አሜሪካዎቹ አፒስቶግራማዎች ዋሻ ውስጥ ጥለው እዚያው ይጠብቃሉ፤ ለእነሱ «ጠባቂ» ይበቃል። ከጣናና ከሐዋሳ ሐይቅ ወጥቶ ሳህናችን ላይ የሚቀርበው ቆሮሶ ግን ሴቷ በአፏ የምትታቀፍ ሲክሊድ ነው።

በምዕራብ አፍሪካ የባሕር ዳርቻ ውሃዎች የሚኖረው ጥቁር አገጭ ቲላፒያ ደግሞ አባትየው ነው የሚታቀፈው። አማርኛ ይህንንም ያለ ተጨማሪ ማብራሪያ ይለየዋል፦ የመጀመሪያዋ በአፍ ታቃፊዋ፣ ይህኛው በአፍ ታቃፊው።