የአተር ዘር መረጣ፦ ከሄርፎርድሻየር እስከ ራያ

ቶማስ አንድሩ ናይት ልቡ ያለው ከፖም ዛፎቹ ጋር ነበር። የፖም ዘር ተተክሎ ፍሬው እስኪታይ ግን ዓመታት ይፈጃል። ስለዚህ ይህ የእንግሊዝ ሄርፎርድሻየር ሰው ማዳቀልን የሚሞክርበት ቶሎ የሚደርስ ተክል ፈለገ፤ አተርንም መረጠ። አተር በአንድ ወቅት ተዘርቶ ይታጨዳል፤ ቁመቱም ሆነ የፍሬው መጠንና ቀለም ዓይነቱ ብዙ ነው። አበባው ተዘግቶ ራሱን በራሱ ስለሚያዳቅል የባዕድ ብናኝ እምብዛም አይገባበትም። ናይት ውጤቱን በ1799 እ.ኤ.አ. ለለንደኑ ሮያል ሶሳይቲ አቀረበ።

በ1856 በብርኖ ገዳም ጓሮ የማዳቀል ሥራውን የጀመረው ግሬጎር ሜንዴልም ያንኑ ተክል ያዘ። ከዚያ አስቀድሞ ከዘር ነጋዴዎች 34 ዝርያዎች አስመጥቶ ሁለት ዓመት ከፈተናቸው በኋላ 22ቱን አስቀረ። ሥራው የእጅ ጥበብ ነው፦ ገና ያልፈካውን እምቡጥ ከፍቶ አሥሩን ወንዴ ክሮች ብናኛቸው ሳይረግፍ በወረንጦ መንቀል፣ ከሌላ ተክል ያመጣውን ብናኝ በሴቴዋ ጫፍ ላይ መቀባት። በስምንት ዓመት 28,000 ያህል ተክሎች አሳደገ።

ሜንዴል ያጠናቸው ጠባዮች ግን ቁርጥ ያሉ ናቸው፤ ፍሬው ወይ ክብ ነው ወይ የተጨማደደ፣ አበባው ወይ ነጭ ነው ወይ ሐምራዊ። ምርት እንዲህ አይደለም። አንድ ተክል ስንት ቆባ እንደያዘ፣ በአንዱ ቆባ ስንት ፍሬ እንዳለና እያንዳንዱ ፍሬ ምን ያህል እንደሚመዝን ተባዝቶ የሚገኝ ነው። ከእያንዳንዱ ጀርባ ብዙ ዘረ መል አለ፤ አፈሩና ዝናቡም የየራሳቸውን ይጨምራሉ። ቆባው ሲበዛ ፍሬው የሚያንስበት ጊዜም ብዙ ነው። በዚህ ምክንያት ከማሳ ውስጥ ያማረውን ተክል ነቅሶ መዝራት ብቻውን ሩቅ አያደርስም፤ ያማረው መሬቱ ለም ስለሆነለት ሊሆን ይችላል።

ይህን በተግባር ያሳየው በ1886 የተቋቋመው የስዊድኑ ስቫሎፍ የዘር ጣቢያ ነው። የጣቢያው ያልማር ኒልሶን መዝገቦቹን ሲመረምር ዘራቸው አንድ ወጥ የሆነው ከአንድ ተክል ብቻ የተነሡት መደቦች መሆናቸውን አስተዋለ፤ ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ምርጥ ተክል ለብቻው እየተዘራ ልጆቹ ይመዘኑ ጀመር። በ1903 ደግሞ ዴንማርካዊው ቪልሄልም ዮሃንሰን በቦሎቄ ላይ ሠርቶ የነገሩን ሌላ ገጽ ገለጠ። ከአንድ ራሱን አዳቃይ ተክል በወረደ ዘር ውስጥ ትልልቁን ፍሬ ቢመርጡ ልጆቹ አይተልቁም። ልዩነት ባለቀበት መረጣ አይሠራም ማለት ነው። አተርም ራሱን አዳቃይ ነውና አዳቃዮች አዲስ ልዩነት መፈለግ ግድ ሆነባቸው።

ትልቁን ለውጥ ካመጡት ልዩነቶች አንዱ የተገኘው ማንም ባልጠበቀው በኩል ነው። አተር ግንዱ ደካማ ስለሆነ ፍሬ ሲከብደው ይጋሽባል፤ እርጥብ መሬት ላይ ተኝቶ ይበሰብሳል፣ ማጨጃ መኪናም ይስተዋል። በ1953 በፊንላንድ ቅጠሉ ወደ ጠምጣሚ ክር የተለወጠ እንግዳ አተር በጽሑፍ ተመዘገበ። በ1970ዎቹ በእንግሊዝ የጆን ኢንስ ተቋም ተመራማሪዎች በዚህ ጠባይ በርትተው ሠሩ፤ ተክሎቹ በክራቸው እርስ በርስ ተያይዘው ይቆማሉ። ዛሬ በአውሮፓና በካናዳ ለደረቅ ፍሬ የሚዘራው አተር አብዛኛው ይህን ጠባይ ይዟል።

የኢትዮጵያ ደጋ ገበሬ ያንኑ ችግር በሌላ መንገድ ሲፈታ ኖሯል። አተርን ከባቄላ ደባልቆ ይዘራል፤ አተሩ የባቄላውን ጠንካራ ግንድ ተደግፎ ይቆማል። አብሮ ይታጨዳል፣ አብሮ ይወቃል፣ ለሽሮም አብሮ ይፈጫል። ሩሲያዊው ኒኮላይ ቫቪሎቭ በ1927 አገሪቱን ዞሮ ዘር የሰበሰበው በእንዲህ ያለ ገበሬ ማሳ ያለውን የዘር ሀብት ፍለጋ ነበር።

ከዚህ ሀብት እጅግ ልዩ የሆነው ራያን ጨምሮ በደቡብ ትግራይና በሰሜን ወሎ የሚዘራው ደቆቆ ነው፤ በወሎ ያገሬ አተር ይሉታል። ፍሬው ትንሽና ጠቆር ያለ፣ የቅጠሉ ጠርዝ እንደ መጋዝ የተሰነጠቀ፣ አበባው ሐምራዊ ነው፤ ቶሎ ይደርሳል፣ ከኢትዮጵያ ውጭ የሚታወቀውም በየመን ነው። የአተርን ቅጠል የሚያቃጥለውን የባክቴሪያ በሽታ የመቋቋም ኃይል ስላለው የውጭ አዳቃዮች በብርቱ ይፈልጉታል። ማዳቀሉ ግን ቀላል አይደለም፤ የክሮሞሶሙ አደረጃጀት ስለሚለይ ከተራ አተር ጋር ሲዳቀል ብዙዎቹ ልጆች በከፊል መካን ይሆናሉ። በራሱ በደቆቆ ውስጥ ያለው ልዩነትም በጣም ጠባብ ነው። ስለዚህ ምርቱን ለማሳደግ ከራሱ መካከል መምረጥ ብቻ አይበቃም።

በ1976 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው የዘረ መል ባንክ፣ የዛሬው የኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት፣ የአገሩን አተር ዘር በብርድ ክፍል ያስቀምጣል። ደቆቆ ግን ከባንኩ ባልተናነሰ በራያ ገበሬ ማሳም ሊጠበቅ ይገባል። ለዚህም በየዓመቱ ለሚዘራው ገበሬ የተሻለ ገበያና የምርምር እገዛ ያስፈልገዋል።