ወህኒ ቤት አይሠራብንም ያሉ የሎስ አንጀለስ እናቶች



በዚህ ዓመታዊ መጽሔታችን ላይ ስለ ዕድርና ስለ ማኅበር ጥቅም በየጊዜው ብዙ ተጽፏል። እኛም ዘንድሮ ቦታው ሩቅ ሆኖ ጉዳዩ ግን ከዕድር ሥራ የማይርቅ አንድ ታሪክ ልናቀርብ ወደድን። የተፈጸመው በአሜሪካ አገር በሎስ አንጀለስ ከተማ ነው። በዚያች ከተማ የሚኖሩ ወገኖቻችን ብዙ እንደሆኑ፣ ፌርፋክስ በሚባለው መንገድ ላይ ያለውንም ሰፈር ከተማው በ2002 «ትንሿ ኢትዮጵያ» ብሎ እንደሰየመው የታወቀ ነው። ይኸኛው ታሪክ ግን የእኛ ሰዎች ሳይሆን የሜክሲኮ ተወላጆች የሆኑ እናቶች ታሪክ ነው። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ይረዳልን።

ከሎስ አንጀለስ ወንዝ በስተምሥራቅ ቦይል ሃይትስ የሚባል ሰፈር አለ። ድሮ አይሁዱም፣ ሩሲያዊውም፣ ጃፓኑም፣ ሜክሲኮውም ተቀላቅሎ የሚኖርበት ነበር። ጃፓኖቹን መንግሥት በ1942 በጦርነቱ ጊዜ ሰብስቦ ወደ መታጎሪያ ሰፈር ወሰዳቸው። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ ደግሞ ለመኪና የሚሆኑ ትላልቅ አውራ ጎዳናዎች በሰፈሩ መሐል ተቀደዱና ስንቱ ቤት ፈረሰ፣ ስንቱ ጎረቤት ተበተነ። ቻቬዝ ራቪን ከተባለውም ኮረብታ የሜክሲኮ ተወላጆች በግድ ተነሥተው፣ የመጨረሻዎቹ በ1959 ከቤታቸው እየተጎተቱ ወጥተው፣ በቦታው የኳስ ስታዲየም ተሠራበት። እንግዲህ የዚያ አካባቢ ሰው «ለልማት ነው» የሚለውን ቃል ሲሰማ ለምን እንደሚደነግጥ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ወደ ዋናው ነገር እንግባ። በ1980ዎቹ የካሊፎርኒያ ግዛት ወህኒ ቤት በወህኒ ቤት ላይ መሥራት ጀመረ። ከ1852 እስከ 1964 ባለው ከመቶ ዓመት በላይ በሆነ ጊዜ የሠራው 12 ሲሆን፣ ከ1984 ወዲህ ግን በሃያ ዓመት ገደማ ውስጥ ከ20 በላይ ሠርቷል። በግዛቱ ወህኒ ቤቶች የነበረው እስረኛ በ1980 ወደ 24 ሺህ ገደማ ነበር፤ በ2000 ወደ 160 ሺህ ደረሰ። ይኸን የሚያህል ሰው በሃያ ዓመት ውስጥ በድንገት ወንጀለኛ ሆነ ብሎ የሚያምን ይኖር ይሆን? ሕጉ ጠበቀ፣ ቅጣቱ ረዘመ፣ ፖሊሱም በድሃ ሰፈር ላይ በረታ።

ከሚሠሩት አንዱ በሎስ አንጀለስ አውራጃ እንዲሆን የግዛቲቱ ምክር ቤት ወሰነ። ምክንያቱ ከእስረኞቹ ብዙው ከዚያ አውራጃ የሚመጣ ሆኖ ሳለ አውራጃው ግን አንድም የግዛት ወህኒ ቤት ስለሌለው ነው የሚል ነበር። አገረ ገዢው ጆርጅ ዱክሜጂያንና የወህኒ ቤቶች መሥሪያ ቤት የመረጡት ቦታ ከወንዙ ማዶ፣ ክራውን ኮች የሚባለው የአውቶቡስ ፋብሪካ የነበረበትን መሬት ሆነ። ከቦይል ሃይትስ ቤቶች የሚለየው ወንዙና ድልድዩ ነው። በዚያው አካባቢ ደግሞ በ1963 የተከፈተው ትልቁ የአውራጃው የወንዶች እስር ቤት ቀድሞም አለ። እስር ቤት በእስር ቤት ላይ ማለት ይኸ ነው።

እውነቱን ለመናገር የመንግሥቱ ምክንያት ፍሬ የሌለው አልነበረም። የታሰረ ሰው ለቤተሰቡ ቅርብ ቢሆን ስንቅ ማቀበሉም ሆነ መጠየቁ ይቀላል፤ ይኸን እኛ አገር የማያውቅ የለም። ክፋቱ አሠራሩ ላይ ነበር። ሕጉ ቦታው በአካባቢው ኑሮ ላይ የሚያመጣው ጉዳት አስቀድሞ እንዲጠና ያዛል። አገረ ገዢው ግን መሬቱ በፊት ይገዛ፣ ጥናቱ በኋላ ይደረሳል አሉ። እኛ ዕድሜያችንን በጽሕፈት ቤት ፋይል ስናገላብጥ የኖርን ሰዎች የዚህን ትርጉም ለማወቅ አስተርጓሚ አንሻም። ገንዘቡ ከወጣ በኋላ የሚጻፍ ጥናት «ቦታው ተስማሚ ነው» ከማለት ሌላ ምን ሊል ይችላል? ደብዳቤው ወጪ ከሆነ በኋላ ቃለ ጉባኤ እንደ መጻፍ ነው።

ነገሩን መጀመሪያ ያነሡት በ1982 ለምክር ቤቱ የተመረጡት ግሎሪያ ሞሊና ናቸው። በካሊፎርኒያ ምክር ቤት ከላቲን ወገን የተመረጡ የመጀመሪያዋ ሴት እሳቸው ነበሩ። በ1985 የወህኒ ቤቱን ወሬ እንደሰሙ ለሰፈሩ ሰው አስታወቁ። ከሰሟቸው መካከል ኹዋና ጉቲዬሬስ የሚባሉ የዘጠኝ ልጆች እናት ነበሩ። እኚህ ሴት ከባለቤታቸው ጋር ሆነው የሰፈር ጥበቃ ያደራጁ፣ ጎረቤቱን በየቤቱ የሚያውቁ ሰው ናቸው። ይኸ ልብ ሊባል ይገባል። እናቶቹ የሕግ ጠላት አልነበሩም። ሌባና ዱርዬ ልጆቻቸውን እንዳያበላሽባቸው ከፖሊስ ጋር ሲተባበሩ የኖሩ ናቸው። ወህኒ ቤት ሲመጣባቸው «እናንተ ወንጀል ትደግፋላችሁ» ሊባሉ ቢሞከር የሚያምን የጠፋው በዚሁ ምክንያት ይመስለናል።

የትንሣኤ ደብር ካህን የነበሩት አባ ጆን ሞሬታም ሕዝቡን ከቅዳሴ በኋላ ሰበሰቡ። «የምሥራቅ ሎስ አንጀለስ እናቶች» የሚለውን ስም ያወጡት እሳቸው ናቸው። የወሰዱትም በአርጀንቲና የጦር መኮንኖች መንግሥት ልጆቻቸውን ካጠፋባቸውና ነጭ ሻሽ አስረው አደባባይ ከሚዞሩት እናቶች ነው። የቦይል ሃይትስ እናቶችም ነጭ ሻሽ አሰሩ። ሰኞ ሰኞ ማታ ማታ ልጆቻቸውን ይዘው፣ ሕፃናቱን በጋሪ እየገፉ፣ በኦሎምፒክ መንገድ ድልድይ ላይ ይሰለፉ ጀመር። አንዳንድ ጊዜ መቶዎች፣ አንዳንድ ጊዜም ሺዎች ይወጡ ነበር። ድልድዩ በወንዙ ላይ አልፎ ሰፈሩን ከፋብሪካው ወገን የሚያገናኘው ነው።

ታዲያ ይኸን ሁሉ ሰው በየሳምንቱ ማን ጠራው? ቢሮ የለ፣ ደመወዝተኛ የለ። አንዷ ለአንዷ በስልክ ትነግራለች፤ ከቅዳሴ መልስ በቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ፊርማ ይሰበሰባል፤ ልጆች የሚማሩበት ትምህርት ቤት ወላጆች ሲገናኙ ወሬው ይዛመታል። እኛ በጥሩምባ የምናደርገውን እነሱ በዚህ አደረጉት። ማን እንደታመመ፣ ማን እንደወለደ፣ የማን ልጅ እንደታሰረ የሚያውቅ ሰው ነው የሰፈር ሰው ማስወጣት የሚችለው። ኋላም ወደ ግዛቲቱ መናገሻ ወደ ሳክራሜንቶ በአውቶቡስ እየሄዱ በምክር ቤቱ ስብሰባ ላይ ይናገሩ ነበር። ሳክራሜንቶ ቅርብ አይደለም፤ ከስድስት መቶ ኪሎ ሜትር አያንስም። ብዙዎቹ ደግሞ ከዚያ በፊት በሕዝብ ፊት ቆመው ተናግረው የማያውቁ የቤት እመቤቶች ነበሩ። ነጋዴዎችም፣ ፍራንክ ቪላሎቦስ የተባሉት የከተማ ፕላን ባለሙያም አብረዋቸው ተሰለፉ። ባለሙያው ካርታውን ያነባል፣ እናቶቹ ድልድዩን ይሞላሉ።

እዚህ ላይ ሳናነሣ ልናልፈው ያልቻልነው ነገር አለ። በ1984 ሴረል የተባለ አማካሪ ድርጅት ለካሊፎርኒያ የቆሻሻ አስተዳደር ቦርድ አንድ ጥናት አቅርቦ ነበር። ጥናቱ ስለ ወህኒ ቤት አይደለም፤ ቆሻሻ ማቃጠያ የት ቢተከል ተቃውሞ ያንሳል የሚል ነው። መልሱም ገቢያቸው ዝቅተኛ የሆኑ፣ ትምህርታቸው ከሁለተኛ ደረጃ ያላለፈ፣ በዕድሜ የገፉ፣ ካቶሊኮች የሆኑ ሰዎች ባሉበት ነው ይላል። ልክ የቦይል ሃይትስን ሰው ቁመና የለካ ይመስላል። እኛም ራሳችን ከአንደኛ ደረጃ ያላለፍን ሽማግሌዎች ስለሆንን ይኸን ስናነብ ፈገግም አልን፣ ተናደድንም። ያልተማረ ሰው አይቃወምም ያለው ማን ነው? እናቶቹ በዚያው ሰሞን ቨርነን በተባለው አጠገባቸው ባለ የፋብሪካ ከተማ ሊተከል የነበረውን የመርዝ ቆሻሻ ማቃጠያም ተቃውመው፣ ኩባንያው በ1991 ሐሳቡን ትቷል። ከመሥራቾቹ አንዷ የሆኑት አውሮራ ካስቲዮ በ1995፣ በ81 ዓመታቸው፣ ጎልድማን የተባለውን የአካባቢ ጥበቃ ሽልማት ተቀብለዋል።

የወህኒ ቤቱ ነገር ቶሎ አላለቀም። በ1987 በምክር ቤቱ አንድ ስምምነት ተደረገ፦ አንዱ ወህኒ ቤት እዚሁ፣ ሌላው ከከተማው በስተሰሜን በረሃው አጠገብ ባለችው ላንካስተር ይሠራ ተባለ። ማለት ለአንዱ ፓርቲ ሰፈር አንድ፣ ለሌላው ፓርቲ ሰፈር አንድ። እናቶቹ ግን ይኸንን እንደ መጨረሻ ፍርድ አልተቀበሉትም። ክሱ በፍርድ ቤት ቀጠለ፤ ሰልፉም ቀጠለ። ሞሊና ወደ ከተማው ምክር ቤት ሲዛወሩ በእሳቸው ቦታ የተመረጡት ሉሲል ሮይባል አላርድ ጉዳዩን ያዙ። ዱክሜጂያን በ1991 ወርደው ፒት ዊልሰን ተተኩ። በመጨረሻም የሕግ መወሰኛው አባል አርት ቶረስ ያቀረቡትን ሕግ አገረ ገዢ ዊልሰን በመስከረም 1992 ፈረሙና የምሥራቅ ሎስ አንጀለስ ወህኒ ቤት ቀረ። ሞሊና ጉዳዩን ካነሡ ሰባት ዓመት አለፈ ማለት ነው። የላንካስተሩ ግን ተሠርቶ በ1993 ተከፍቷል። ከእነሱ ደጃፍ የቀረ በሌላው ደጃፍ ቆመ። እናቶቹም ቢሆኑ ሁልጊዜ በአንድ ልብ አልኖሩም፤ ኋላ በየአጥቢያቸው ለሁለት ማኅበር ተከፍለዋል። ማኅበር ሲባል መቼም እንዲህ ነው፤ እኛም እናውቀዋለን።

ሕጉ የተፈረመበት ዓመት ለከተማዋ ክፉ ዓመት ነበር። በመጋቢት 1991 ሮድኒ ኪንግ የተባለውን ጥቁር ሰው ፖሊሶች ሲደበድቡት በቪዲዮ ተቀርጾ ዓለም አየው። በሚያዝያ 1992 ፍርድ ቤቱ ፖሊሶቹን ነፃ ሲያወጣቸው ከተማዋ ተቃጠለች፤ ከ50 በላይ ሰው ሞተ። ነገሩ ግን በአንድ ሌሊት የመጣ አይደለም። የፖሊስን በደል የሚቃወም ማይክል ዚንዙን የመራው ማኅበር ከ1970ዎቹ ጀምሮ ነበር። የከተማው ፖሊስ የስለላ ክፍል በዚህና በሌሎችም ማኅበሮች ውስጥ አባል መስለው የሚሰልሉ ሰዎችን አስገብቶ ነበር። ሲጋለጥ ክፍሉ በ1983 ፈረሰ፣ ከተማው በ1984 1.8 ሚሊዮን ዶላር ካሣ ለመክፈል ተስማማ። መዋጮ ከፍሎ፣ አብሮ በልቶ፣ ማታ ሪፖርት የሚጽፍ አባል! ይኸን ለኛ ትውልድ ማብራራት አያስፈልግም።

ከዚያ ወዲህ የመጡት ደግሞ ከእናቶቹ አንድ እርምጃ አልፈዋል። እናቶቹ «እኛ ላይ አይሠራ» አሉ፤ ልጆቻቸው «ጨርሶ አይሠራ፣ ገንዘቡ ለሕክምና ይዋል» አሉ። አውራጃው ያንኑ የ1963ቱን እስር ቤት በቢሊዮን በሚቆጠር ዶላር በአዲስ ሊተካ ሲያቅድ፣ በ2017 የእስር ቤት አልጋዎች በአስተዳደሩ ሕንፃ ፊት መንገድ ላይ ደርድረው ላላፊ አግዳሚው አሳዩ። በነሐሴ 2019 የአውራጃው ቦርድ የ1.7 ቢሊዮን ዶላሩን ውል ሰረዘው። በመጋቢት 2020 ደግሞ እስረኛውን መቀነሻ መንገድ እንዲጠናና የፖሊስ አዛዡን ተቆጣጣሪ ኮሚሽን መጥሪያ የማውጣት ሥልጣን እንዲኖረው የሚያዝ ሐሳብ ለሕዝብ ድምፅ ቀርቦ ከመቶ ከ70 በላይ ደገፈው። ጨርሶ አይሠራ የሚለው ለእኛ ለሽማግሎቹ ይከብደናል፤ ቤቱ የተዘረፈ ሰው ምን ይላል ብለን እናስባለን። ነገር ግን በዚያ እስር ቤት ከታጎሩት ብዙዎቹ የአእምሮ ሕመምተኞች መሆናቸውን ስናነብ፣ ለሕመምተኛ ጠበል ወይም ሐኪም እንጂ ወህኒ እንደማይገባው እኛም እንስማማለን።

ያው የ1963 እስር ቤት በ2021 እንዲዘጋ ቦርዱ ወስኖ የሁለት ዓመት ጊዜ ተቆርጦለት ነበር። ጊዜው አለፈና በ2024ም ገና በሺህ የሚቆጠሩ እስረኞች ነበሩበት።