ሞተሩ ገባ፤ ፍሬኑስ?

የአሜሪካው «መስል ካር» የተወለደው ከሞተር ቅየራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ ጄኔራል ሞተርስ በመካከለኛ መኪኖቹ ላይ ከ330 ኪዩቢክ ኢንች የበለጠ ሞተር እንዳይገጠም ወስኖ ነበር። የፖንቲያክ መሐንዲስ ቢል ኮሊንስ ግን ባለ 326ቱና ባለ 389ኙ ሞተር በውጫዊ መጠን አንድ መሆናቸውን ለአለቃው ለጆን ዴሎሪያን አስረዳ። ትልቁ፣ ማለትም የ6.4 ሊትሩ፣ በ1964 ሞዴል ቴምፔስት ሌማንስ ላይ «ተጨማሪ ምርጫ» ተብሎ ገባ፤ ጂቲኦ ተባለ። ውሳኔው መኪናን እንጂ ምርጫን አልከለከለም ነበርና!

እኔን የሚያሳስበኝ ከዚያ ወዲህ ያለው ነው። 325 የፈረስ ጉልበት የተጫነበት መኪና የሚቆመው በአራቱም ጎማ በታምቡር ፍሬን ነበር። የፊት ዲስክ ፍሬን በምርጫ የቀረበው በ1967 ሞዴል ነው። ስለዚህ በመንገድ ለሚነዳ መኪና ትልቅ ሞተር ያሰበ ሰው ዕቅዱን ከፍሬን ይጀምር እላለሁ፤ ካምቢዮውና የፊቱ ሞላ ይከተላሉ። ሙቀቱ 40 ዲግሪ በሚጠጋበት በጋምቤላማ ራዲያተሩ ከሁለቱም ይቀድማል። ከኩሌ ወደ ከተማ የምትመላለሱ እንደምታውቁት፣ መንገዱን ከመኪና ጋር ሰውና ከብት ይጋሩታል። ደግሞም የሞተር ቁጥር ሊብሬ ላይ የሰፈረ ነውና፣ አሮጌው ሞተር ከመውረዱ በፊት መዝጋቢውን መሥሪያ ቤት መጠየቅ ይገባል።