የአርኪዮሎጂ የመስክና የቤተ ሙከራ ሥልጠና (ምዕራብ ጎጃም)

ቅርስን ለመለየት፣ ለመመዝገብና ለማስተዳደር የሚያበቃ የተግባር ትምህርት ነው። ሠልጣኙ በመስክ ምድሩን እየተመላለሰ ይቃኛል፣ ቦታውን በካርታ ያሰፍራል፣ አፈሩን ንብርብር በንብርብር ይገልጣል፣ ያወጣውንም በወንፊት ያጣራል። አንዴ የተቆፈረ ንብርብር ስለማይመለስ ከመቆፈሩ ይልቅ ማስታወሻው፣ ንድፉና ፎቶግራፉ ይበልጣል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሙያው በዲግሪ ደረጃ ይሰጣል።

ለምዕራብ ጎጃም የቤተ ሙከራው ክፍል እጅግ ወሳኝ ነው። በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ዙሪያ ያለው ቀይ አፈር በብዛት አሲዳማ ሲሆን አሲዳማ አፈር አጥንትን ያሟሟል። ስለዚህ ታሪኩን የሚናገሩት የሸክላ ስባሪ፣ የድንጋይ መሣሪያና ከሰል ናቸው። አፈሩን ውኃ ውስጥ በትኖ የተቃጠለ እህልን ማንሳፈፍ እዚህ መደበኛ ልማድ ሊሆን ይገባዋል። አርኪዮሎጂስቷ ጆአን ዶምብሮውስኪ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ከጣና ምሥራቅ በሚገኙ ዋሻዎች ባካሄደችው ቁፋሮ ገብስና ሽምብራ መገኘቱ የእህል ቅሪት ምን ያህል እንደሚያስተምር ያሳያል።

ሥልጠናው በጥንቱ ብቻ አይወሰንም። በ1933 ዓ.ም. ውጊያ የተካሄደበት የቡሬ የጣሊያን ምሽግ ዓይነት ሥፍራም ተለክቶ መመዝገብ አለበት።

በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ያለ ፈቃድ መቆፈር ክልክል ነው። ማረሻ ያወጣውን ቅርስ ያገኘ ገበሬ ሳይነካካ፣ ሳይሸጥም ለወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ያሳውቅ።