ዜና አባ ማስያስ፦ ከወይን ምድር ወደ ማር ምድር

ከባኮ ወደ ነቀምቴ በሚወስደው መንገድ፣ በአኖ ተቀምጠን ይህን ዜና እንጽፋለን። ከዚህ በሰሜን ምሥራቅ የጉዱሩ ምድር አለ። የነገሩ መነሻ ግን ባሕር ማዶ ነው፤ በኢጣልያ፣ በፒዬሞንቴ፣ ሞንፌራቶ በሚባሉት ኮረብቶች።

ያ አገር የወይን አገር ነው። በአስቲና በአሌሳንድሪያ አውራጃዎች፣ ፍል ውሃ በሚፈልቅባት በአኵዊ ከተማ ዙሪያ፣ ብራኬቶ የሚሉት ቀይ ወይን ይበቅላል። የወይን ጠጁ ጣፋጭ ነው፤ የጽጌረዳና የእንጆሪ ሽታ አለው፤ በብርጭቆ ሲቀዳም አረፋው ቀላ ብሎ ይነሣል። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ ጭማቂው አፉ በተዘጋ ታላቅ ጋን ውስጥ ይፈላል፤ ትንፋሹ መውጫ ሲያጣ ከወይኑ ጋር ይዋሐዳል። ስኳሩ ተበልቶ ሳያልቅም ጠማቂው በብርድ ፍላቱን ያቆመዋል። ስለዚህ ጣፋጭነቱ አይጠፋም፤ የአልኮል ኃይሉም ከመቶ 5 ወይም 6 እጅ ገደማ ነው። የወለጋ ሰው ቢቀምሰው ከብርዝ ያለፈ፣ ገና ያልጠና ለጋ ጠጅ ይመስለዋል።

በአስቲ ኮረብቶች፣ በፒዮቫ መንደር፣ በ1801 ዓ.ም በኋላ አባ ማስያስ የተባሉት ማሳያ ተወለዱ። ካፑቺን መነኵሴ ሆነው ጉሊየልሞ ተባሉ። በ1838 ዓ.ም የሮማው ፓፓ ጎርጎርዮስ 16ኛ ለኦሮሞ ምድር ጳጳስ አድርገው ሾሟቸው። መንገዱ ለብዙ ዓመታት ተዘጋባቸው። በኅዳር 1845 ዓ.ም የነጋዴ ልብስ ለብሰው ዓባይን ተሻገሩ፤ ጉዱሩ ገብተውም በአሰንዳቦ ተቀመጡ። የአገሩ ገዥ ጋማ ሞራስም ተቀበላቸው።

እነሆ፣ በወይን አገር ያደጉት ሰው የማርና የጌሾ አገር ገቡ። ለቅዳሴያቸው የወይን ጠጅ ያሻል፤ የአገሬው መጠጥ ግን ጠጅ ነው። ስማቸውን ያገነነው ከስብከታቸው ይልቅ የፈንጣጣ ክትባታቸው ይመስለናል። ያን ጊዜ ፈንጣጣ በገባበት ቤት ብዙ ልጅ ይሞት ነበር። የዚያ ዘመን ክትባት ከተከተበ ልጅ ክንድ ፈሳሹን ወስዶ፣ የሌላውን ክንድ በስለት ጫር አድርጎ መቀባት ነበረ። በዚህ ሥራቸው የፈንጣጣው አባት ተባሉ፤ በአበሻም ዘንድ ስማቸው አባ ማስያስ ሆነ። የአማርኛና የኦሮምኛ ሰዋስውም ጽፈው በፓሪስ አሳተሙ፤ ይህም በ1859 ዓ.ም ገደማ ነው። ከዚያም የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ወደዷቸው፣ አማካሪም አደረጓቸው። ዐፄ ዮሐንስ ግን ከአገር እንዲወጡ አዘዙ። በ1877 ዓ.ም ካርዲናል ሆኑ፤ በ1881 ዓ.ም ዐረፉ። መንደራቸውም ፒዮቫ ማሳያ ተባለች።

በዚያው በአስቲ አውራጃ፣ ግራዛኖ በምትባል ሌላ የሞንፌራቶ መንደር፣ በ1864 ዓ.ም ፒየትሮ ባዶሊዮ ተወለደ። እርሱ የኢጣልያ ጦር አዛዥ ሆኖ በሰሜን ጦር ግንባር በሠራዊታችንና በሕዝባችን ላይ የመርዝ ጋዝ አዘነበ፤ ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም አዲስ አበባ ገባ። ያች መንደርም በስሙ ግራዛኖ ባዶሊዮ ትባላለች። አንድ የወይን ምድር ሁለቱን አበቀለ፤ አንዱ የሕፃናትን ክንድ ከተበ፣ ሌላው የእረኛን ገላ አቃጠለ። ይህን ስንጽፍ ልባችን ይቆስላል።

በዚያው በ1928 ዓ.ም በሰኔ የኢጣልያ አውሮፕላኖች በነቀምቴ አጠገብ ቦናያ ላይ ዐረፉ። የጥቁር አንበሳ አርበኞችና የሆለታ ጦር ትምህርት ቤት ተማሪዎች በሌሊት ደርሰው አውሮፕላኖቹን አቃጠሉ፤ የኢጣልያውን ጄኔራል ማልዮኮንም ከጓደኞቹ ጋር ገደሉ። አብሯቸው የመጣው ሚሲዮናዊ አባ ቦሬሎ ግን ከሞት ተረፈ።

ጦርነቱ ካለፈ በኋላ ሞንፌራቶ ወደ ወይኑ ተመለሰ። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ የኒሳ ሞንፌራቶው ጠማቂ አርቱሮ ቤርሳኖ ብራኬቶን ጋዙ የበዛ አድርጎ አወጣው፤ ዝናውም በዚያ ተስፋፋ። እ.ኤ.አ. በ1996 የኢጣልያ መንግሥት ለብራኬቶ ዳኵዊ ከፍተኛውን የወይን ማዕረግ ሰጠው፤ በአስቲና በአሌሳንድሪያ ካሉ 26 ወረዳዎች ውጭ ከበቀለ ወይን የተጠመቀም በዚህ ስም እንዳይሸጥ ደነገገ።